የታጠበው በር

ሶሊያና ቂሊንጦ ያለ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው። ታናሽ ወንድሟ አቢም ቂሊንጦ ነው፤ እሱ ግን እስር ቤቱ ውስጥ። ጠዋት ጠዋት ሰርቪሱ በዚያ በኩል ሲያልፍ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ምን ልታይ? ግንብ ነው። ቢሆንም ታዞራለች።

አቢ የተከሰሰው አከራያቸውን ጋሽ ወልደገብርኤልን ገድለሃል ተብሎ ነው። ጠቡ የመጣው በውሃ ነበር። ሽማግሌው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ክፉ ባይሆኑም እልኸኛ ነበሩ፤ አንድ ቀን ተናደው የግቢውን ቧንቧ ቆለፉና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። አቢ ደሙ ፈላ። ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ አንቱታውን ጥሎ፣ «አንድ ቀን እጄ ላይ ትጠፋለህ!» አላቸው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሰው ያን ቃል ያዘበት።

በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ይቅርታ ሊጠይቃቸው ሄደ። ለፖሊስም ለፍርድ ቤትም የተናገረው ይኸንኑ ነው፤ አንድም ቀን ቃሉን አልለወጠም። በሩ ገርበብ ብሏል። ሽማግሌው ደፉ ላይ ተዘርረዋል፤ ጭንቅላታቸውን በብረት ተመትተዋል። በሩ ላይ በደም የታተመ እጅ አለ፤ ግራ እጅ፣ ትልቅ፣ አምስቱም ጣት የተዘረጋ። ሊያነሳቸው ሲታገል ሸሚዙ በደም ተነከረ። ከዚያ ግቢው መሃል ቆሞ «ጋሼ ሞተዋል!» ብሎ ጮኸና ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሮጠ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፖሊሶቹን ይዞ ሲመለስ በሩ ታጥቧል። ደፉም ታጥቧል። አካባቢው በረኪና በረኪና ይሸታል።

«የታለ ያልከው እጅ?» አለው ሳጅኑ።

ለአቢ ካቴና ያስገቡለት እዚያው ነው።

ሶሊያና ያን ቀን ከፈረቃ ስትመለስ እናቷ አሰጋሽ አልጋ ላይ ተዘርራ ሴቶች ያራግቡላታል። ጩኸቱን ስትሰማ ማድ ቤት ውስጥ ራሷን ስታ ወደቀች፤ ምንም አላየችም አሉ። ሶሊያና ውሃ ልታቀምሳት በርሜሉን ብትከፍት ጠብታ የለም። ወጥታ ከፈቀደ ግማሽ ጀሪካን ለመነች።

ፈቀደ ግቢው ፊት ለፊት የጭነት መኪና ያጥባል። ቦታው የሽማግሌው ነበር፤ «በወሩ መጨረሻ ልቀቅልኝ» ብለውታል። እጁ አካፋ ያክላል። ቧንቧው በተቆለፈበት ሰሞን ሙሉ ሮቶ ውሃ የነበረው ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ሶሊያና ጀሪካኑን ተሸክማ መንገድ ስትሻገር ነገሩ በራላት። የገደለም ያጠበም እሱ ነው! ማለች።

እናቷ ግን አልተዋጠላትም። ለጥየቃ በሄዱ ቁጥር በፍርግርጉ በኩል «አቢዬ፣ እመንላቸው፤ ቅጣቱ ይቀልልሃል» ትለዋለች። አቢ አንድ ቀን ዓይኗን ትክ ብሎ አየና ተነስቶ ገባ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቢያስጠሩትም አልወጣም። ሶሊያና በእናቷ ተናደደች። እናት ስትፈራ እንዲህ ናት ብላ አለፈችው እንጂ።

ችሎት ላይ የፎረንሲክ ባለሙያው ኢንስፔክተር ሰይፈሥላሴ ቀረበ።

«ሰው ከገባበት ቤት አንድ ነገር ትቶ፣ አንድ ነገር ይዞ ነው የሚወጣው። የእኛ ሥራ ያንን መልቀም ነው» አለ። «ቤቱን አጨልመን በሩ ላይ ኬሚካል ረጨን። ደም ካለ ሰማያዊ ያበራል። በሩ ሙሉውን አበራ። ግን በረኪናም ልክ እንደ ደም ያበራል። የጣት መስመር የሚባል አልተረፈም። የአቶ ፈቀደንም የሌሎቹንም ጎረቤቶች አሻራ ወስደናል፤ ከምን ጋር እናመሳክረው?»

ዐቃቤ ሕጉ ሥራው ቀለለለት። በሩን ተከሳሹ ራሱ አጥቦ ፖሊስ ጠራ፤ የሌላ ሰው እጅ ያለውም ፈጠራ ነው አለ። የሽማግሌው ደም ያለበትን ሸሚዝ ዘርግቶ አሳየ።

ሶሊያና ኢንስፔክተሩን ኮሪደር ላይ ደረሰችበት።

«ያ እጅ ባይታጠብ ኖሮስ?»

«የሌላ ሰው ከነበረ፣ ወንድምሽ ይሄኔ ቤቱ ነበር።»

«ያጠበው ሰው ወጥቶ ቢናገርስ?»

ሰውየው አዘነላት። «ቢናገርስ? የማን እጅ እንደነበር እሱም አያውቅ ይሆናል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ እህቴ።»

ከኋላቸው እናቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች። ስኳሯ ወርዶ ነው ብላ ሶሊያና ከረሜላ አፏ ውስጥ ከተተችላት። ከዚያን ቀን ወዲህ አሰጋሽ «እመን» የሚለውን ነገር እርግፍ አድርጋ ተወች።

አሥራ ስምንት ዓመት ፈረዱበት። አቢ አላለቀሰም፤ ለይግባኝ የሚሆን አዲስ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠበቃውን ጠየቀ። ጠበቃው ፋይሉን አጠፈ።

ሶሊያና ከፍርድ ቤት በቀጥታ ፈቀደ ጋ ሄደች። አንድ ሲኖትራክ እያጠበ ነበር።

«አጠብከው አይደል? ወንድሜን ከነነፍሱ ቀበርከው! ስምህን ሰፈር ለሰፈር ባላዞረው እኔ ሶሊያና አይደለሁም!»

መንገደኛው ቆመ። ፈቀደ የውሃ ጎማውን መሬት ላይ ጣለና ጠጋ አላት። ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በሩን እኔ አላጠብኩትም» አላት። «ማን እንዳጠበውም አላውቅም። ብቻ ለውለታው እግዜር ይስጥልኝ።»

እናቷ ከኋላ መጥታ ክንዷን ይዛ እየጎተተች ግቢ አስገባቻት።

«ለምን ትጎትቺኛለሽ?» አለች ሶሊያና በሩን ዘግታ፣ እንባዋ እየወረደ። «አልሰማሽውም? አላጠብኩም ይላል! እሱ ካላጠበው ታዲያ ማን ነው ያጠበው?»

«እኔ ነኝ» አለች እናቷ፤ «አቢዬ የገደለ መስሎኝ።»