ድመቷ ጋ እስክትደርሺ

ሐኪሟ ከአያት በተሳፈረችበት ሚኒባስ ውስጥ፣ ከጎኗ የተቀመጠችው ወጣት ከቦርሳዋ ሃይላንድ ውኃ ስታወጣ ዓይኗን ከእሱ ላይ መንቀል አቃታት። በሃይላንዱ ላይ በማርከር ሦስት መስመሮች ተሰምረዋል፤ ከታችኛው መስመር ሥር አንድ ጆሮዋ የታጠፈ ድመት ተስላለች። ሐኪሟ ሰላሳ ዓመት ሙሉ ሲክል ሴል የተባለ የደም ሕመም ያለባቸውን ሕፃናት ስታክምና ደማቸውን ስታጠና፣ መስመሩን በየውኃ መያዣቸው ላይ ለሁሉም ታሰምርላቸው ነበር። ሕዋሶቻቸው እንደ ማጭድ እየጎበጡ የደም ሥራቸውን እንዳይዘጉት፣ ውኃ በሰዓቱ መጠጣት ነበረባቸው። ድመቷን ግን የሳለችው ከአሶሳ ለመጣች ለአንዲት ልጅ ብቻ ነው። ያቺ ልጅ ከክትትል ከቀረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። በጥናቱ መዝገብ ላይ «ሞታለች» ብላ መጻፍ እጇ እምቢ ስላላት፣ ቦታውን እስከ ዛሬ ባዶ ትታዋለች።

ወጣቷ እስከ መጀመሪያው መስመር ጠጥታ ከደነችው። ሐኪሟን አላስችል አላት።

«ልጄ፣ አሁንም ያምሻል?»

«እኔን?» ወጣቷ ዞር ብላ አየቻት። «እኔስ ደህና ነኝ፣ እናቴ። ድመቷን አይተው ነው? የታናሽ እህቴ ናት፤ እኔ ነኝ በየሃይላንዱ ላይ የምስላት። ዶክተሯ ‹ድመቷ ጋ እስክትደርሺ ጠጪ› ትላት ነበር። ልታርፍ ስትል ውኃው አልወርድ ብሏት፣ ‹ዶክተሬ እንዳትቆጣኝ አንቺ ጨርሺልኝ› አለችኝ። ይኸው እጨርስላታለሁ።»

ሐኪሟ ጣቷን በታጠፈችው ጆሮ ላይ አሳረፈች።

«አልተቆጣቻትም» አለች፤ «ስትጠብቃት ነው የኖረችው።»