የብርቄ ብሩሽ

ንብ ከምድር ከጠፋ ወዲህ የዶቅማ ዛፍ ያለ ሰው እጅ አያፈራም። የአበባውን ብናኝ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዳርሰው ብሩሽ ደግሞ ከልጅ ፀጉር ካልተሠራ አበባውን ያረግፈዋል፤ ስለዚህ በሸካ ጫካ ዶቅማ ባበበ ቁጥር ልጆች ይላጩ ነበር።

«አበባው ነገ ይረግፋል፤ ብሩሹን አቀብይኝ እንጂ!» አለ አደሎ፣ ከባዶ ቀፎው አጠገብ ቅርንጫፍ ላይ ተፈናጥጦ።

ሚስቱ አስካለች ብሩሹን ጉያዋ ውስጥ ሸሸገችው። «የብርቄን አልሰጥም። ሌላ ፀጉር ፈልግ።»

«ከማን ራስ? ልጆቹን የፈጀው ያ በሽታ በመንደሩ ያስተረፈው ልጅ አለ?»

ብሩሹን አሸተተችው፤ የልጇ የራስ ቅቤ ሽታ ገና አለቀቀውም። አቀበለችው።

ከዚያ ድሮ ፍሬ ሲራገፍ እንደምታደርገው ነጠላዋን ከዛፉ ሥር ዘረጋች፤ ከብሩሹ የሚነቀል አንድም ፀጉር መሬት እንዳይነካባት።