ፊት ወደ ግድግዳ

«ማን እንደመረጣችሁ እንዳታዩ፣ ተወዳዳሪዎች ፊታችሁን ወደ ግድግዳው አዙሩ» አለ ሰብሳቢው። ቡና ለቃሚዋ በዛወርቅና የእርሻው ጸሐፊ በነጭ ኖራ ወደተቀባው የመጋዘን ግድግዳ ዞሩ። የቦንጋ እርሻ ሠራተኞች ለብሔራዊ ሸንጎ የሚያጩት ከሁለቱ አንዱን ነበር። ትናንት የለቃሚዎቹ አለቃ ካቦው በዛወርቅን «ለለቃሚ የወሊድ ፈቃድ እያልሽ ከቀጠልሽ ሥራሽን እርሺው» ብሏት ነበር፤ የገዛ ሚስቱ እርጉዝ ለቃሚ ሆና ሳለ።

ለጸሐፊው እጅ ሲወጣ፣ የጠዋት ፀሐይ ከሰዉ ጀርባ ስለነበረች ጥላው ግድግዳው ላይ ታየ። ጥቂት አልነበረም።

«ጓዲት በዛወርቅ» አለ ሰብሳቢው።

ግድግዳው በእጅ ጥላ ጠቆረ። ዳር ላይ ግን የካቦው ሰፊ ባርኔጣ ጥላ ሳይነቃነቅ ቆመ። አጠገቡ ሆዷ የገፋ ሴት ጥላ ዞር ብሎ በክርኑ ጎሸም አደረገው። ባርኔጣው ከራሱ ላይ ወረደ፤ ከዚያ እጁ ላይ ሆኖ ከሁሉም በላይ ከፍ አለ።