የአመዱ መስመር

በስሜን ተራሮች ክረምት ከበጋ በረዶ መጣል ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፏል። አንጓች ከመንደሩ በላይ ያለውን የበረዶ ክምር በአካፋ ቆርጣ ድርብርቡን አየች። መሐሉ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር መስመር አለ። አምና የባሏ ተዝካር ሲወጣ፣ አማቷ የበረዶ ናዳ የበላው ልጃቸው ያለበት እንዳይጠፋባቸው የምድጃ አመድ በትነውበት ነበር።

አካፋውን በክምሩ አናት ላይ አጋድማ መታ መታ ስታደርገው የላይኛው በረዶ ልክ ከአመዱ ላይ ተላቆ ተንሸራተተ።

አማቷ ከኋላዋ ደረሱ። "ምን አልሽ ልጄ?"

"ሊናድብን ነው፤ ዛሬውኑ መንደሩን እንልቀቅ፣ እማማ።"

"በረዶው የቱ ጋ ነው የከዳው?"

አንጓች ጥቁሩን መስመር በጓንቷ አበሰችው። "ከታች፣ ከመሬቱ ጋ።"

"እንግዲያው ሳንሄድ ይቺን ልበትንለት" አሉ። በሳፋ የያዙት አመድ ገና ይሞቃል።