ሰሌዳው የት ደረሰ?

«ይህን ማን ነው የጻፈው?» ማዶካ የሰፈሩ ማኅበር ወረቀት የታሰረበትን ሰሌዳ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ናጋቶሞ አፍንጫ ሥር ትደቅነዋለች።

ናጋቶሞ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ እንዲደርቅ ፍጅል በገመድ እያሰረ ይሰቅላል። እጁን በሽርጡ ይጠርግና መነጽሩን ያወርዳል። «አንቺ ነሻ። ስምሽ ከሥሩ አለ።»

ስሟስ አለ። ለዚያ ስም ስንት ዓመት ደጅ ጠንታለች። ባሕር ማዶ ተምራ ከተመለሰች ወዲህ ለትልልቆቹ መጽሔቶች ሃያ ሦስት ታሪኮች ላከች፤ ለአብዛኞቹ መልስ እንኳ አልመጣም። በመጨረሻ በር የከፈተላት በሰሌዳ ታስሮ ከቤት ቤት የሚዞረው የሰፈሩ ማኅበር ወርኃዊ ወረቀት ነው፤ ያውም ግማሽ ገጽ፣ ቆሻሻ ከሚወጣባቸው ቀናት ዝርዝር በታች። አልናቀችውም። ቤታቸው ውስጥ ለብቻቸው ስለሞቱት ጎረቤቷ፣ ስለ አቶ ኢሱሩጊ፣ ሰርዛ ደልዛ ጻፈች።

«መጨረሻው የእኔ አይደለም። ‹ሰፈራችን ተሳስቦ የሚኖር ሰፈር ነው› ብዬ አልጻፍኩም። የእኔ የት ገባ?»

«ቦታ ጠበበን።»

«ለአበባው ውድድር ሙሉ ገጽ ተገኝቶ!»

ሊቀ መንበሩ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ቤት በዓይኑ ገረፍ አድርጎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ስሚኝ ልጄ። ቀጥሎ ሰሌዳው የሚሄደው እማማ ሃጊኖ ጋ ነው። ያን ጊዜ፣ አቶ ኢሱሩጊ ቤታቸው ውስጥ ሞተው ሰው ሳያውቅ፣ ‹ሰሌዳው ዘገየ› እያሉ ሲደውሉልኝ የሰነበቱት እሳቸው ናቸው። በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ምን ይሁኑልሽ? ለመጀመሪያ ጊዜ ጽሑፍ ወጣልሽ፣ ደስ አይልሽም? ውጭ አገር የተማርሽው እኛን ለማዋረድ ነው?»

«እኔስ መች ከጥፋቱ ነጻ ነኝ? ሰሌዳውን አቶ ኢሱሩጊ ደጃፍ አስደግፌ ሳላንኳኳ የሄድኩት እኔ ነኝ! እሱንም ቆርጠውታል፣ ጋሼ።»

«ለአንቺው አስቤ ነው።»

ደሟ ይፈላል። የተናደደችው ለሟቹ ነው ወይስ ለዓረፍተ ነገሯ? እርግጠኛ አይደለችም፤ አለመሆኗ ደግሞ ይብስ ያበግናታል። ከሰውየው የደረት ኪስ እስክሪብቶውን መዝዛ፣ ሰሌዳውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በኅዳጉ ላይ ትጽፋለች።

«ኧረ ተይ! የማኅበር ወረቀት እኮ ነው!»

እሷ አትሰማውም። ጽፋ ስትጨርስ፣ እያንዳንዱ ቤት ወረቀቱን ማንበቡን እንደሚያሳየው፣ የግል ማኅተሟን በስሟ ፊት ትመታና መንገዱን ትሻገራለች። ሊቀ መንበሩ በነጠላ ጫማው እየተንሸራተተ ይከተላታል።

ገና ሳታንኳኳ በሩ ይከፈታል። እማማ ሃጊኖ ሰሌዳውን ይቀበሏታል።

«እማማ፣ አይስሟት፣» ይላል ሊቀ መንበሩ ከኋላ። «የልጅ ነገር ነው።»

«ዝም በል፣ እያነበብኩ ነው።»

ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ፦ *እኔ ሰሌዳውን ደጃቸው አስደግፌ ሳላንኳኳ ሄድኩ። አሥራ አንድ ቀን እዚያው ቆመ። ሁላችንም ‹ሰሌዳው የት ደረሰ?› አልን እንጂ፣ ‹ሰውየውስ የት ደረሰ?› ያለ አልነበረም።*

ጣታቸው መሐል ላይ ይቆማል። ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል።

«ትክክል አይደለም፣» ይላሉ።

«ይኸው!» ይላል ሊቀ መንበሩ።

«አሥራ አንድ አይደለም። አሥራ ሦስት ነው።» ቀና ብለው አያዩአትም። «ጠዋት ጠዋት በሬን ከፍቼ ሰሌዳውን አየው ነበር። ደጃቸው ቁጭ ብሎ ከዚህ ይታየኛል። ተናድጄ ስቆጥር ነበር።»

እጃቸውን ይዘረጋሉ። ማዶካ እስክሪብቶውን ትሰጣቸዋለች። እማማ ሃጊኖ ግንቡን ተደግፈው «አሥራ አንድ» የሚለውን በሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ይሰርዙና ከላዩ «አሥራ ሦስት» ብለው ይጽፋሉ። ከዚያም በሕጋዊ ወረቀት ላይ ስሕተት ሲታረም እንደሚደረገው ሁሉ፣ ቀዩን ማኅተማቸውን አውጥተው በእርማቱ ላይ አጥብቀው ይጫኑታል።