የእትዬ አስካለ ግድግዳ

የልጅ ልጄ ሱራፌል ሁለት ዓመት ሞላው፤ አንድም ሌሊት ግን በአባቱ እናት በእትዬ አስካለ ቤት አድሮ አያውቅም። ደረቱ ደካማ ነው። ልጄ ምንታምር የሠራችው መተግበሪያ ትንፋሹን ያዳምጣል፤ ሲያፍነው ግድግዳው ጥግ ላይ ቀይ ምልክት ያበራል። ዛሬ መቼም የቤት ግድግዳ ሁሉ እንደ ስልክ የሚያበራና የሚናገር ነው፤ እያንዳንዱ ቤትም የግድግዳውን ዓይነት ራሱ መርጦ ነው የሚጭነው። የእትዬ አስካለ ደግሞ ለምልክት የሚሆን ጥግ የለውም፤ ልጁ ቢታፈንም ዝም ይላል።

ቅዳሜ ምንታምር መተግበሪያውን ከእትዬ አስካለ ግድግዳ ጋር ለማስማማት ስትሞክር ዋለች። እኔም ሕፃኑን አቅፌ አጠገቧ ተቀምጫለሁ።

«ለአንዱ ቤት ግድግዳ አስተካክዬው ሳልጨርስ የሌላው ይለወጥብኛል፣ እማዬ» አለችኝ።

«ታዲያ የኔን እንደናንተው አድርጉታ!» አሉ እትዬ አስካለ። የልጁን አልጋ አንጥፈው ጨርሰዋል።

ምንታምር እጇን ከግድግዳው አነሳች። «የጋሼ ድምፅስ?»

ሟቹ ባላቸው በየማለዳው ከግድግዳው ውስጥ «አስኩ፣ መድኃኒትሽን ዋጥሽ?» ይላሉ። በሕይወት ሳሉ ለዚህ ግድግዳ ብቻ ብለው የሠሩት ነው፤ በሌላው አይናገርም።

እትዬ አስካለ ትራሱን ደጋግመው አስተካከሉ። «እሱም ቢኖር ቀይሩት ነበር የሚለው» አሉ፤ ወደኛ ግን አልዞሩም።

እኔ ሰው ቤት እንቅልፍ የማይወስደኝ ሴት ነኝ።

«አትንኪው» አልኳት ልጄን። «ይልቅ ሄደሽ ጋቢዬን አምጪልኝ። እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ ከጎኑ እተኛለሁ።»

«እጅዎ ሲዝልስ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«የእርስዎ እጅ ምን ሊሠራ ነው? በተራ እንይዘዋለና» አልኳቸው።