የተጎተተ ይቆረጥ

መድፉ ከንጋት ጀምሮ ከተማዋን እየደበደበ ነው። የአምቡላንስ መጥሪያው ድረ ገጽ ሰርቨር ቆሟል፤ በአንድ ጊዜ መቀበል የሚችለው አርባ ጥሪ ብቻ ነው፤ አርባውም ቦታ ገብተው ባላለቁ ጥሪዎች ተይዞ አዲስ ጥሪ አይገባም።

«ሾፌሮቹ ሞተር አስነስተው ቆመዋል እኮ!» አለች የስምሪት ኃላፊዋ ምንትዋብ።

«ከሠላሳ ሰከንድ በላይ የሚጎተት ጥሪ ሁሉ ይቆረጥ?» አለ ቴክኒሻኑ። «ሌላው ያልፋል።»

«ቁረጠዋ! ምን ታሽሞነሙነዋለህ?»

ቴክኒሻኑ የሚጎተቱትን እንዲቆርጥ ሰርቨሩን አዘዘው። ጥሪዎች ጎረፉ፤ አምቡላንሶቹ ወጡ።

«ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ!» አለች ምንትዋብ።

ቀትር ላይ አንድ ሾፌር ሸሚዙ በሰው ደም ርሶ ገባ።

«ገበያ ሰፈር ሬሳ በሬሳ ሆኗል። ከዚያ አንድ ሰው እንኳ አልጠራም?»

ቴክኒሻኑ የተቆረጡትን ጥሪዎች ከፈተ። ሁሉም ከገበያ ሰፈር ናቸው። የሰፈሩን የኔትወርክ ማማ መድፍ ስለመታው፣ ጥሪያቸው እየተንፏቀቀ ነበር የሚደርሰው። አንዲት ሴት አሥራ አንድ ጊዜ ሞክራለች።